ሪዝ የተያዘበት ቀጭኔ

መካኒኩ አጭር ሰው ነው፤ በር ሲገባ ሆዱ ይቀድመዋል። ሰፈሩ ግን «ቀጭኔ» ይለዋል። ስሙን ብቻ ሰምቶ የመጣ አዲስ ደንበኛ፣ ከጋራዡ ውስጥ አንድ ረጅም ሰው ጎንበስ ብሎ እስኪወጣ ሲጠብቅ፣ ከመኪና ሥር ዘይት የጠጣ ቱታ የለበሰ ክብ ሰውዬ ተንሸራቶ ይወጣና «ምን ልታዘዝ?» ይለዋል። ደንበኛው ግራ ሲጋባ ጎረቤቱ ሁሉ ይስቃል። ስሙ በቁመቱ የወጣለት አይደለም፤ በወሬው ነው።

ወሬውም ይህ ነው። ወጣት ሳለ ከአንድ የጭነት መኪና ጋር በረሃ ያቋርጥ ነበር። አንድ ቀን መሐል በረሃ ላይ ከመኪናው ሥር ያለው ባሌስትራ ተሰበረ። ሾፌሩ በአላፊ መኪና ተሳፍሮ ሌላ ሊያመጣ ሲሄድ፣ እሱ ከቆመው መኪናና ከአንድ ጀሪካን ውሃ ጋር ብቻውን ቀረ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አለት ላይ የተሳለ ቀጭኔ አየ። ቀለሙ እንደ ሸክላ ቀይ፣ አንገቱ ረጅም፣ ጠቃጠቆው አንድ በአንድ የተቀመጠ፣ ዕድሜው በምን ያህል ዘመን እንደሚቆጠር የማይታወቅ የጥንት ሰው ሥራ። ሾፌሩ ሲመለስ ጊዜ አልነበረም። ባሌስትራውን ገጠሙ፣ መንገዳቸውን ቀጠሉ፣ ቀጭኔውም እዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ይህን ያላወራለት ደንበኛ የለም። ጋራዡ መሐል ይቆምና እጁን የቻለውን ያህል ወደ ላይ ሰቅሎ የአንገቱን ርዝመት ያሳያል። «እዚህ ፊቴ ላይ! ካላየሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» ይላል። አንድ ነገር ግን ይመስከርለት፤ የሌላ ሰው ወሬ ሲውል ሲያድር ይሰባል፣ ቀንድና ጭራ ያበቅላል። የእሱ ወሬ ግን እንደተወለደ ነው ያለው። አንዲት ጠቃጠቆ እንኳ ጨምሮበት አያውቅም።

የማያምነውም ዋናው ሰው የልብ ጓደኛው የሆነ ፀጉር አስተካካይ ነው። ፀጉር ቤቱ ከጋራዡ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ይህ ፀጉር አስተካካይ በሁለት ነገር ይታወቃል፤ ጥርስ በማያስከድን ጨዋታውና በሪዙ። ሪዙ ጫፍና ጫፉ ወደ ላይ የተጠቀለለ፣ ጠዋት ጠዋት ቅባት የሚበላ፣ ባለቤቱ ከገንዘብ ሳጥኑ በፊት የሚያየው ሪዝ ነው። «ሚስት ቢያገባ ኖሮ እንዲህ አይንከባከባትም» ይሉታል።

አያምን እንጂ ፍለጋው ላይ አይቀርም። ብርድ ሲገባና በረሃው ረገብ ሲል፣ በየዓመቱ የመካኒኩን አሮጌ መኪና ጭነው ይወጣሉ። ሦስተኛዋ ጓደኛቸው ከፀጉር ቤቱ ፎቅ ላይ የሚኖሩት ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህርት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ «ቲቸር» ይላቸዋል። ቲቸር ቀጭኔው ቢገኝም ባይገኝም ግድ የላቸውም፤ ለእሳቸው አንድ ሚዳቋና ሁለት ወፍ ካዩ ዓመቱ ተሳካ ማለት ነው። እስከ ዛሬ ያላዩት የለም። ሰጎን ፀጉር አስተካካዩን አባርራዋለች፣ ሽኮኮ ዳቧቸውን በልቶባቸዋል፣ አንድ ገደል ላይ ረድፍ የያዙ የተሳሉ ከብቶች አግኝተዋል። ቀጭኔ ግን የለም።

ነገሩ የከረረው አንድ እሑድ ጠዋት ነው። መካኒኩ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አገጩ ሳሙና ለብሷል። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ጉሮሮው ላይ አሳርፎ ወደ ደንበኞቹ ዞረ።

«እንግዲህ ሰው ሊሞት ሲል አይዋሽም ይባላል። ቀጭኔ፣ ተናዘዝ! አየኸው ወይስ አላየኸውም?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በዚህ መሐል የመካኒኩ ሚስት ገባች። ልብስ ሰፊ ናት፤ የፀጉር አስተካካዩን የተቀደደ ሽርጥ ጠግና ልታስረክብ ነው የመጣችው። ሽርጡን ወንበር ላይ አኖረችና ሁልጊዜ የምትለውን አለች።

«ባሌ አይዋሽም።»

«አውቃለሁ እቴ፤ አይዋሽም፣ ያልማል እንጂ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«እንግዲያው ዘንድሮ እኔም አብሬ እሄዳለሁ» አለች። «ከተገኘ ተገኘ። ካልተገኘ ግን ይበቃል። የሱ ጉልበትም የመኪናዋም ጉልበት አልቋል። ሁለቱንም በረሃ ጥዬ የምመጣበት ምክንያት የለኝም።»

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አነሳ። «በቃ፣ የመጨረሻ ከሆነ እንወራረድ። ካልተገኘ፣ ቀጭኔ ራሱ እዚሁ ወንበር ላይ ቆሞ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ‹ቅዠት ነበር› ይላል፣ ሁለተኛም ወሬዋን አያነሳትም።»

«ከተገኘስ?» አለች ሚስትየው።

ሰውዬው ምላጩን ፎጣ ላይ ጠረገ፣ ዙሪያውን ቃኘ። የሚያስይዘው ነገር ቢፈልግ አጣ። አንድ ደንበኛ ከኋላ «ሪዝህን!» ብሎ ጮኸ፤ ሌሎቹም «ሪዙን! ሪዙን!» ብለው ተቀበሉት። ራስ ሲመለጥ አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም እንደሚባለው፣ ስንቱን ራስ ሲመለጥ ያየ ሰው «ይሁን!» ሲል አፉ ማምለጡን አላወቀም።

መካኒኩ ከሌሎቹ ጋር ሳቀ እንጂ ልቡ አልሳቀም። ለማንም ያልነገረው ጥርጣሬ ነበረው። በረሃ ብቻውን በቀረበት በዚያ ቀን፣ ውሃውን እየቆጠበ አናቱን ፀሐይ ሲመታው ነው የዋለው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ፣ ማታ ጋራዡን ሲዘጋ፣ «እውነት አይቼው ይሆን?» የሚል ሐሳብ ብቅ ይልበታል። ወንበሩ ላይ ቆሞ መሳቂያ መሆኑ አልነበረም የሚያስፈራው። «ቅዠት ነበር» ሲል፣ እውነት እንዳይሆን ነበር የፈራው።

ጉዞው በሳቅ ተጀመረ። አንድ ሐሙስ የቀራት መኪናቸው ዳቦ፣ ቲማቲም፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ውሃና አንድ ትልቅ የሻይ ፔርሙስ ተሸክማ እያቃሰተች ወጣች። ፀጉር አስተካካዩ ከፊት ተቀምጦ በጎን መስታወቱ ሪዙን ያበጥራል። «ተሰናበተው» ትለዋለች ሚስትየው ከኋላ። «ምን አስቸኮለሽ? አሸኛኘቱ ለባልሽ ወሬ ነው» ይላታል።

አስፋልቱ ሲያልቅ፣ እንደ ወትሯቸው «ጠረጴዛ» ከሚሉት አለት ላይ ሻይ ጠጡ። ከመኪና መሄጃው ዱካ ዳር ያለ፣ ወገብ የሚደርስ፣ ላዩ ለጥ ያለ ሰፊ አለት ነው። በየዓመቱ ዳቧቸውን ቆርሰው የሚበሉት እሱ ላይ ነው። መካኒኩ በጀርባው ዘና ብሎ ሩቅ የሚታዩትን ትልልቅ ገደሎች በጣቱ ለሚስቱ አሳያት። «ከነዚያ አንዱ ነው። ፊቴ ላይ ስለነበር ቁመቱ ከሰው አያንስም» አላት።

ከሰዓት በኋላ ቲቸር ድንገት «ዝም! ሞተሩን አጥፋ!» አሉ። ሜዳው ላይ ሳላዎች ቆመው ነበር። ቀንዳቸው ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ የወጣ፣ ፊታቸው ጥቁርና ነጭ የሆነ፣ ሰው የማይፈሩ የመሰሉ። ሚስትየው እንዲህ ያለ እንስሳ አይታ አታውቅም። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆየችና በሹክሹክታ፣ «ጥቁሩን ከነጩ ጋር ማን ገጠመው? አንድ ቦታ እንኳ አልተንሻፈፈም» አለች። ቲቸር በደስታ የሩቅ ማያ መነጽራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ሰጧት። ከዚያ ወዲያ መነጽሩን የሚያስመልሳት ጠፋ። መካኒኩ እሷን ሲያይ እስከ ዛሬ ያለ እሷ መምጣቱ ቆጨው።

ገደሎቹን አንድ በአንድ አዳረሱ። ወጡ፣ ወረዱ፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው አንጋጠጡ። የሽኮኮ ሽንት ያነጣው ግድግዳ፣ የጥንብ አንሳ ጎጆ፣ የድሮዎቹ ከብቶች፤ ሌላ ምንም። ሲመሽ ከድንኳኑ ጎን አንዲት የበረሃ ቀበሮ ጆሮዋን ቀስራ መጣች። ቲቸር «እንዴት ታምራለች!» ብለው ሳይጨርሱ የፀጉር አስተካካዩን አንድ እግር ሰንደል ነክሳ ጠፋች። «ምንድነው እናንተ፣ ከእግሬ ጀምራችሁ ወደ ሪዜ ልትወጡ ነው?» ብሎ ጮኸ። በማግስቱ በአንድ እግሩ ሰንደል፣ በሌላው ቡትስ ጫማ አድርጎ ሲፈልግ ዋለ።

ያም ቀን ባዶ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወደ ቤት ለመመለስ ዕቃ ሲጭኑ፣ መካኒኩ አንዱን ገመድ ደጋግሞ አሰረ፣ ደጋግሞ ፈታ። ሚስቱ ገባትና ክንዱን ይዛ ራቅ አድርጋ ወሰደችው። እሱ መሬት መሬት እያየ ጠየቃት።

«አንቺ ግን፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ ታምኚኛለሽ?»

ከቱታው የተንጠለጠለ ክር ሳበችና በጠሰች።

«አንተን አምናለሁ» አለች። «ቀጭኔውን ግን... እንጃ።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን ‹ባሌ አይዋሽም› ስትዪ የኖርሽው?»

«አትዋሽማ! ፀሐይ መትቶህ፣ ውሃ አንሶህ የታየህን ነገር አየሁ ብትል ውሸት ይባላል? ደግሞስ ሰው ሲስቅብህ ምን ላድርግ? አብሬ ልሳቅ?»

መካኒኩ ሆድ ባሰው። የሚፈራውን ነገር በሚስቱ አፍ ሰማው። አልተቀየማትም፤ «ልክ ነሽ» ብሏት ብቻ መሪውን ያዘ። ፀጉር አስተካካዩ እንኳ ፊቱን አይቶ ቀልዱን ዋጠ።

ጠረጴዛው አለት አጠገብ ሲደርሱ ከሥር አንድ ነገር ጓ አለ። የጭስ ማውጫው ቱቦ ከማሰሪያው ተላቆ መሬት ይጎትት ጀመር። መኪናዋ እንደ ጥሩምባ ጮኸች። መካኒኩ ፀሐዩን አየና፣ አለቱ የሚጥላትን ጠባብ ጥላ ለማግኘት መኪናዋን ከአለቱ ጋር ጎን ለጎን አስጠግቶ አቆማት። ካርቶን አነጠፈ፣ ሽቦና ፒንሳ ይዞ በጀርባው ከሥር ገባ። ሌሎቹ ወዲያ ማዶ ዳቦ መቁረስ ጀመሩ።

ቱቦውን በሽቦ ጠፈረው። ሊጨርስ ሲል ፒንሳው ካላበው እጁ አምልጦ ወደ አለቱ በኩል ተንሸራተተ። አለቱ ሥሩ እንደ እውነተኛ ጠረጴዛ ክፍት ነው። መካኒኩ እጁን ሰዶ ዳሰሰ፣ አልደረሰበትም። ከመኪናዋ ሥር በጎኑ እየተሳበ ራሱም፣ ትከሻውም፣ ያ ሆዱም ከአለቱ ሥር ገባ። አሸዋው ቀዝቃዛ ነበር። ፒንሳውን አገኘው፣ እፎይ ለማለት በጀርባው ተገለበጠ፣ ዓይኑ ውስጥ የገባውን ላብ ጠረገ።

ቀጭኔው ፊቱ ላይ ነበር።

ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ከአለቱ ሆድ ላይ፣ ሸክላ መስሎ ቀልቶ ተኝቷል። አንገቱ ከመካኒኩ ራስ በላይ ያልፋል፤ እግሮቹ እስከ ጉልበቱ ይደርሳሉ። ጠቃጠቆው አንድ በአንድ። ሁሉም ነገር ተመለሰለት፤ ያኔም ከጭነት መኪናው ሥር ሠርቶ ሲደክመው እንዲሁ እየተሳበ ነበር ጥላ ፍለጋ የገባው። «ፊቴ ላይ» ማለቱ እውነት ነበር፤ ግን ያን ጊዜ ፊቱ ወደ ላይ ነበር። በኋላ ወሬውን ቆሞ ሲያወራው፣ ሲያወራው፣ ቀጭኔውም አብሮት ቆመ። እሱም ቆሞ ፈለገው፣ ጓደኞቹንም አቁሞ አስፈለጋቸው። በየዓመቱ ዳቦ የሚቆርሱትም በቀጭኔው ጀርባ ላይ ኖሯል።

«ጨረስክ?» አለች ሚስቱ። «አንተ! ምን ሆነሃል?» ከመኪናዋ ሥር ያለው እግሩ እንደማይንቀሳቀስ አይታ ደነገጠች። ጎንበስ ብላ ቱታውን ጎተተች። «ልብህ ነው? ተናገር!»

«ነይ ግቢ» አላት። ድምፁ ሌላ ሆነባት።

የለበሰችው ራሷ የሰፋችው አዲስ ቀሚስ ነበር። ምንም ሳትል በጀርባዋ ተኛች፣ እየተሳበች ከጎኑ ገባች። እሱ ጣቱን ሳያስነካ ወደ ላይ ጠቆመ።

ጠቃጠቆውን ከአንገቱ እስከ እግሮቹ በዓይኗ ተከተለችው። ከዚያ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች መጀመሪያ አልለየለትም። ሁለቱም ነበር።

«ይቅር በለኝ» አለች። «አላመንኩህም ነበር።»

«ምኑን ነው ይቅር የምልሽ?» አላት። «የሚያምን ሰው ቢቆምልኝ ምኑ ይገርማል? አንቺ ሳታምኚ ነው የቆምሽልኝ።»

እጇን ያዘው። እጁ በዘይት መጨማለቁን ረስቶት ነበር፤ እሷም አልከፋትም።

«እናንተ ሰዎች፣ እዚያ ሥር ምን እየሠራችሁ ነው? ትልቅ ሰው አይደላችሁም እንዴ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ ከላይ።

«ናና እየው» አለችው ሚስትየው። «ሪዝህንም ይዘህ ግባ።»

ሰውዬው አጎንብሶ ገባ፣ ተገለበጠ፣ አየ። አንድ ሰንደሉና አንድ ቡትሱ ብቻ ውጭ ቀርተው፣ ለጊዜው አልተንቀሳቀሱም። «ወይኔ ሪዜ!» የሚል ድምፅ ከአለቱ ሥር ወጣ። ከዚያ ግን ድምፁ ለስለስ አለ። «ቀጭኔ፣ ወንድሜ... እውነትህን ነበር እኮ።» ይህን ሲሰማ የመካኒኩ ልብ ቅቤ ጠጣች።

ቲቸርም ገቡ። «ማንም እንዳይነካ! ውሃም እንዳይረጭ!» ብለው ገና ከመግባታቸው አዘዙ። ቀለሙ ደመቅ እንዲል ብለው ውሃ የሚያፈሱበት ሰዎች ስንቱን ሥዕል እንዳጠፉ ነገሯቸው። ያኔ ነው ፀጉር አስተካካዩ ከቀጭኔው ሆድ ሥር አንድ ትንሽ የሰው ሥዕል ያየው። ሰውዬው ተንጋሎ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቷል።

«ይሄን አላየሁትም ነበር» አለ መካኒኩ ተገርሞ።

«አዳኝ ሳይሆን አይቀርም» አሉ ቲቸር። «ወይም እያለበ ይሆናል። ማን ያውቃል?»

«ምን ማለትዎ ነው ቲቸር? ግልጽ እኮ ነው!» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «መካኒክ ነው። ዘይት እየቀየረለት ነው!»

አራቱም ከአለቱ ሥር ተደርድረው እንደ ልጅ ሳቁ። አሸዋ አፋቸው እስኪገባ ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ መካኒኩ፣ «ይሄንን የሣለው ሰውም እንደኔ ተኝቶ ነው የሠራው። ቀለሙ ዓይኑ ላይ ይንጠባጠብ ነበር፤ አውቀዋለሁ» አለ። ቲቸር በዚያን ዘመን አሸዋው ዝቅ ብሎ፣ ሰውዬው ቆሞ ወይም ተቀምጦ ሥሎት ሊሆን እንደሚችል አስረዱት። መካኒኩ ግን አልሰማቸውም። «ተኝቶ ነው» አለ።

ፎቶ ለማንሳት ያልሞከሩት የለም። ችግሩ ቦታው ጠባብ ነው፤ ስልኩ ከአለቱ ስለማይርቅ ቀጭኔው በአንድ ፎቶ አይገባም። አንዱ ላይ ጉልበት፣ አንዱ ላይ ጠቃጠቆ፣ አንዱ ላይ የፀጉር አስተካካዩ ሪዝ ብቻ ወጣ። የሪዙ የመጨረሻ ፎቶም ይኸው ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ቃሉን አላጠፈም፤ የመኪናዋን የጎን መስታወት አስተካከለ፣ ከፔርሙሱ በቀረው ለብ ያለ ሻይ ከንፈሩን አራሰ፣ ከቦርሳው ምላጭ አወጣ። ሚስትየው ቢያሳዝናት «ግማሹን ተወው» አለችው። «ግማሽ ሪዝ ይዤ ልኑር?» ብሎ ሁለቱንም ወገን ጠረገው። ፊቱ ድንገት የተማሪ ፊት ሆነ። ቲቸር፣ «አሁን አስታወስኩህ፤ ከኋላ የምትቀመጠው ረባሽ!» ብለው ቀሪውን መንገድ ሲስቁበት መጡ።

በሚቀጥለው እሑድ ፀጉር ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ሪዝ የሌለውን ሰውዬ ያየ ሁሉ ጉድ አለ እንጂ፣ ቀጭኔውን ማንም አላመነም። «ተመካክራችሁ ነው!» አሉ። ፎቶዎቹን እያቀባበሉ አዩ። «ይሄ ዝገት ነው» አለ አንዱ። «ይሄማ የጭስ ማውጫው ነው» አለ ሌላው። የመካኒኩ ሚስት አላስቻላትም። መሐል ላይ ቆመች፣ እጇን ወደ ላይ ሰቀለች።

«በዓይኔ አይቼዋለሁ! እዚህ ፊቴ ላይ! ካላየሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «ወይ ጉድ፣ እሷንም አስያዛት!» አለ ከኋላ አንዱ። «በሽታው ይተላለፋል ማለት ነው!»

ወንበሩ ላይ የነበረው መካኒክ ጉንጩ ግማሹ ሳሙና እንደለበሰ ተነሳ። አንገቱ ላይ የታሰረውን ጨርቅ ፈታ። ሰው ሁሉ ደግሞ ምን ሊል ነው ብሎ ጠበቀ።

«ሚስቴ አትዋሽም» አለ።

እሷ ዞራ አየችው። ይህን ቃል ስንት ጊዜ ብላለት እንደነበር ታውቃለች፤ እያለችውም በልቧ ምን ታስብ እንደነበር ታውቃለች። እሱ ግን ሲናገር እውነቱን ነበር። እጇን ዝቅ አደረገችና «መጀመሪያ ግን ቁጭ በል፤ ሳሙናው ቱታህ ላይ እየወረደ ነው» አለችው።